ዛንዚባር ላይ አየሩ ሲበላሽ፦ ወደ ቤት የመመለሻ መመሪያ

እረፍቱ አልቋል። ሻንጣው ተዘግቷል፣ ፊታችሁ ጠቁሯል፣ ኪሳችሁም ሳስቷል። ሌሊቱን ዝናቡ ይጀምራል። ጠዋት መስኮቱን ስትከፍቱ የዘንባባው ቅጠል ወደ አንድ ወገን ተጋድሟል፣ ትናንት ሰማያዊ የነበረው ባሕር ማኪያቶ መስሏል። የሆቴሉ ልጅ ደግሞ በፈገግታ «ዛሬ ጀልባ የለም» ይላችኋል።

ይህ መመሪያ ለእንዲህ ዓይነቷ ጠዋት ነው። ዛንዚባርን የመረጥኩት ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ 3 ሰዓት ገደማ ስለሆነች ነው። የባሕር በር በሌለው አገር ያደግን ሰዎች ደግሞ ጀልባ በነፋስ ምክንያት ሲቆም ምን እንደሚደረግ ከቤት ተምረን አልመጣንም።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልበል። አየሩን ማንም አያሸንፈውም፤ ትኬትን ግን በገዛ እጅ መግደል ይቻላል። እንደታዘብኩት ደሴት ላይ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው ዝናቡ ያስቀረው ሰው አይደለም። ደንግጦ የሮጠው ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ ለአንድ ዓላማ ነው፦ ትኬቱን በሕይወት ማቆየት።

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት፦ ወቅቱን እወቁ

የዛንዚባር ትልቁ ዝናብ ማሲካ ይባላል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል። ትንሹ ዝናብ፣ ቩሊ፣ ኅዳር አካባቢ ይበረታል።

አሁን የእኛን ቀን መቁጠሪያ አውጡ። ፋሲካ ሁልጊዜ የሚውለው ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ማሲካ መሃል ማለት ነው። ሆቴሎቹ በፋሲካ ሰሞን ዋጋ የሚቀንሱት ስለሚወዱን አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ሂዳያ የተባለው አውሎ ነፋስ ወደ ታንዛኒያ ጠረፍ የተጠጋው በፋሲካ ዋዜማ፣ ሚያዝያ 26 ቀን ነበር። በዳሬሰላምና በዛንዚባር መካከል ያለው የጀልባ ጉዞም ቆሞ ነበር። አካባቢው ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ እንዲህ ያለ አውሎ ነፋስ ብርቅ ነው። ከባድ ዝናብ ግን ብርቅ አይደለም።

ትምህርት ሲዘጋ፣ በክረምት፣ ለምትሄዱት ነገሩ ሌላ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም እዚያ ደረቅ ነው። ግን ኩሲ የሚባለው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፣ ባሕሩም ይናወጣል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ጀልባ ሊቆም ይችላል ማለት ነው። «ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ምን ሆነው ነው?» እያሉ ወደቡ ላይ የሚበሳጩ ሰዎች ያልገባቸው ይኼ ነው። ጀልባን የሚያቆመው ዝናብ ሳይሆን ነፋስና ማዕበል ነው።

የመመለሻው ቀን 2 ቀን ሲቀረው የታንዛኒያ ሜትሮሎጂ ባለሥልጣን የሚያወጣውን የ5 ቀን ማስጠንቀቂያ እዩ። ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ እያለ በካርታ ያስቀምጠዋል። ቢጫ ከሆነ ዓይናችሁን ክፈቱ። ብርቱካናማ ከሆነ ቀጣዩን እርምጃ ዛሬውኑ ጀምሩ።

1. የተቋረጠው ባሕሩ ነው ወይስ ሰማዩ?

«መንገድ ተዘግቷል» ሲባል ሰው ሁሉንም አንድ ላይ ይጨፈልቃል። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው።

ትኬታችሁ ከዛንዚባር በቀጥታ አዲስ አበባ የሚል ከሆነ የጀልባው መቆም አይመለከታችሁም። ጀልባ በቆመበት ቀን ጀት አውሮፕላን ያለ ችግር ሊነሳ ይችላል። የሆቴሉ ሰው «ዛሬ ጉዞ የለም» ቢላችሁ የትኛው ጉዞ ብላችሁ ጠይቁ።

ትኬታችሁ ከዳሬሰላም የሚነሳ ከሆነና እስከዚያ በጀልባ ለመሄድ ካሰባችሁ ግን ችግሩ የራሳችሁ ነው። ጀልባውና አውሮፕላኑ የተለያየ ትኬት ናቸው። ጀልባው ስለቀረ አውሮፕላኑ አይጠብቃችሁም፣ አየር መንገዱም ኃላፊነት የለበትም። በዚህ መንገድ ለምትሄዱ አንድ ጥብቅ ምክር አለኝ፦ ከበረራው አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ተሻገሩና ዳሬሰላም እደሩ። በዝናብ ወቅት ደግሞ ይህ ምክር መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ነው።

2. አውሮፕላናችሁ አሁን የት ነው?

አዲስ አበባ የሚወስዳችሁ አውሮፕላን ዛንዚባር አድሮ የሚጠብቃችሁ አይደለም። በአብዛኛው ከቦሌ ተነስቶ ይመጣል፣ ያራግፋል፣ እናንተን ጭኖ ይመለሳል። መንገድ ላይ ሌላ ከተማ ነክቶ ሊመጣም ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው «በረራዬ አለ ወይ?» ሳይሆን «አውሮፕላኑ ከቦሌ ተነስቷል ወይ?» ነው።

ፍላይትራዳር24ን (አውሮፕላን የት እንደደረሰ በካርታ የሚያሳየውን አፕ) ክፈቱ፣ ወደ ዛንዚባር የሚመጣውን በረራ ፈልጉ። ገና ቦሌ ከቆመ ከሆቴል የምትወጡበት ምክንያት የለም። ተነስቶ መንገድ ላይ ከሆነ ተዘጋጁ። ደሴቲቱ ላይ እየዞረ ወይም ወደ ሌላ ከተማ እየታጠፈ ከሆነ ደግሞ ያኔውኑ ስልክ ማንሳት ነው፤ ከእናንተ ጋር የሚሳፈረው ሕዝብ በሙሉ ከመስማቱ በፊት።

መዘግየት ወደ መሰረዝ የሚለወጥበት አንድ ምክንያት አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። አብራሪዎቹና አስተናጋጆቹ በቀን የሚሠሩት ሰዓት በሕግ የተወሰነ ነው። መዘግየቱ ከተራዘመ ዝናቡ ቢያባራም ሰዓታቸው ስለሚያልቅ መብረር አይፈቀድላቸውም። «ዝናቡ እኮ ቆሟል!» ብሎ ካውንተር ላይ መጮህ ውሃ ቢወቅጡት ነው።

3. ከሆቴል ለመውጣት አትቸኩሉ፣ ግን ወደ ከተማ ተጠጉ

እዚህ ላይ ሁለት ምክር አለኝ። የሚጋጩ ይመስላሉ፣ አይጋጩም።

ያላችሁት ራቅ ባሉት የባሕር ዳርቻ መንደሮች፣ ኑንግዊ፣ ኬንድዋ፣ ፓጄ ወይም ጃምቢያኒ ከሆነ፣ ከባድ ዝናብ እንደሚመጣ በተነገረበት ዋዜማ ወደ ስቶን ታውን (አሮጌው የዛንዚባር ከተማ) ግቡ። ከኑንግዊ አውሮፕላን ማረፊያ በደህናው ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ዝናብ ሲወርድ መንገዱ ላይ ውሃ ይተኛል፣ ዳላዳላው (የእነሱ ሚኒባስ) ይዘገያል፣ ባለ ታክሲውም ዋጋ ይቆልላል። ከስቶን ታውን ግን ማረፊያው በመኪና ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ወደቡም እዚያው ነው። ከሁለቱም አጠገብ ሆናችሁ ትጠብቃላችሁ።

ከተማ ከገባችሁ በኋላ ደግሞ በረራው እንደሚነሳ ሳታረጋግጡ ክፍላችሁን አትልቀቁ። ጠዋቱኑ ወደ እንግዳ መቀበያው ውረዱና «በረራችን ሊዘገይ ይችላል፣ ክፍሉን እስከ ከሰዓት ያቆዩልን» በሉ። በማሲካ ክፍሉ ባዶ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ወይም በትንሽ ጭማሪ ይስማማሉ፤ ለተጨማሪ ሌሊትም ዋጋ ተከራከሩ። በሐምሌና በነሐሴ ግን ገበያው የእነሱ ነው። ያኔ ክፍል ከተገኘ ዝም ብሎ መያዝ ነው።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት የእነሱም አንድ ሰዓት ነው፣ የሰዓት ክልላችንም አንድ ነው። ደስ ይላል። ችግሩ ሆቴል ውስጥ የሚሠራው ልጅ ለፈረንጅ መናገር ስለለመደ ለእናንተም በፈረንጅ ሰዓት ሊነግራችሁ ይችላል። ሾፌሩ ደግሞ በአገሩ ሰዓት። «በ4 ሰዓት እመጣለሁ» ሲላችሁ የትኛው 4 እንደሆነ በዋትስአፕ አስጽፉት፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር። ትኬቱም ላይ ያለው እሱ ነው።

4. ትኬቱን በሕይወት አቆዩ

ዋናው ክፍል ይህ ነው፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ሳትደውሉ፣ ሳታስለውጡ ከበረራ ከቀራችሁ አየር መንገዱ «አልቀረበም» ብሎ ይመዘግባችኋል። ከዚያ ወዲያ ቅጣት አለ፣ በዚያው ትኬት ላይ ያሉት ቀጣይ በረራዎችም ሊሰረዙ ይችላሉ። ከዛንዚባር ተነስቶ በአዲስ አበባ በኩል ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። አየር መንገዱ ራሱ በረራውን ከሰረዘው ግን ቅጣት የለም፣ ያለ ክፍያ ያዛውራችኋል። ስለዚህ በረራው በይፋ ሳይሰረዝ ቀድማችሁ በራሳችሁ ፈቃድ አትሰርዙ። ማረፊያው መድረስ እንደማትችሉ ካወቃችሁ ደግሞ በረራው ከመነሳቱ በፊት ደውሉና ቀኑን አስቀይሩ። ከተነሳ በኋላ መደወል ሌላ ታሪክ ነው።

ትኬቱን ከኤጀንት ከገዛችሁ ይህን አሁኑኑ አጣሩ፦ ቡኪንጉ ላይ የተመዘገበው ስልክ የማን ነው? ብዙ ጊዜ የኤጀንቱ ነው። በረራው መሰረዙን የሚገልጸው መልእክት አዲስ አበባ ፒያሳ ባለ ቢሮ ስልክ ላይ ይገባል፣ እናንተ ደግሞ ዛንዚባር ላይ ሻንጣ እየጎተታችሁ ነው። በአየር መንገዱ አፕ ገብታችሁ የራሳችሁን ስልክና ኢሜይል ጨምሩ። ጉዞው ሳይጀመር ማድረግ ይሻላል፣ ግን መሃልም ይሆናል።

ስትደውሉ ወይም ካውንተር ስትቀርቡ ፓስፖርትና ባለ 6 ፊደሉን የቡኪንግ ኮድ ይዛችሁ ሁኑ። አትዘርዝሩ፣ ስለ ልጁ ፈተናና ስለ አለቃችሁ አታውሩ። ከኋላችሁ ሌላ መቶ ሰው ቆሟል። እንዲህ በሉ፦

«እህቴ፣ ዛሬ ከዛንዚባር አዲስ አበባ ነበርኩ፣ በረራው ተሰርዟል። በሚቀጥለው ቀጥታ በረራ ቦታ ካለ እዚያ ላይ አዛውሪኝ። ከሌለ ከዳሬሰላም የሚነሳውን እይልኝ። ቀጣይ በረራዬንም አብረሽ አስተካክይልኝ።»

በአማርኛ መናገር መቻላችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ፈረንጁ በእንግሊዝኛ ከሚጨቃጨቅበት ካውንተር ጎን ሆናችሁ አዲስ አበባ ደውሉ። ቤተሰብም ካለ ቦሌ ያለው ቢሮ ሄዶ ሊጠይቅላችሁ ይችላል፤ የቡኪንግ ኮዱን በቴሌግራም ላኩለት። አንዱ ሰልፍ ይያዝ፣ አንዱ ይደውል፣ አንዱ አፑን ይነካካ። ቀድሞ የተሳካለት ለሌሎቹ ይናገር፣ አለዚያ አንዱ ያስተካከለውን ሌላው መልሶ ያበላሸዋል።

ከተዛወራችሁ በኋላ አንድ ነገር ሳታዩ ከካውንተሩ አትራቁ። ቦታ መያዝና ትኬት መታደስ ሁለት ነገር ናቸው። ስማችሁ አዲሱ በረራ ላይ ቢገባም ትኬቱ ካልታደሰ ነገ ቼክ ኢን ላይ «ትኬት የለህም» ልትባሉ ትችላላችሁ። አዲሱን ትኬት በኢሜይል እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፣ ሲደርሳችሁ ስክሪንሾት አንሱ። «ተጠባባቂ ነህ» ከተባላችሁም እሱ ትኬት አይደለም፣ ተስፋ ነው።

5. በዳሬሰላም በኩል መዞር ያዋጣል?

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይኼንን ነው። ዳሬሰላም ትልቅ ከተማ ናት፣ ብዙ በረራ አለ፣ ተሻግሬ ልብረር። እኔ በአብዛኛው አይመስለኝም። ምክንያቱን ልዘርዝር።

ደሴቲቱን የመታ አየር ከባሕሩ ማዶ ያለችውን ዳሬሰላምንም ብዙ ጊዜ አይምራትም፤ በመካከላቸው ያለው ባሕር 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጀት አውሮፕላን ያልደፈረውን ሰማይ ደግሞ 12 ሰው የሚጭነው ትንሽ አውሮፕላን አይደፍረውም። ቢደፍርም የሻንጣ ገደቡ 15 ኪሎ ነው። የካንጋ ጨርቅና ቅመማ ቅመም የሞላ 30 ኪሎ ሻንጣ ይዞ የሚሄድ ሰው ለትርፉ ይከፍላል፣ ወይም ሻንጣው በኋላ ይመጣል።

ጀልባውም ቢሠራ ቀኑ ያልቃል። ፈጣኑ ፌሪ እስከ 2 ሰዓት ይወስዳል። የዳሬሰላም ወደብ መሃል ከተማ ነው፣ ጁሊየስ ኔሬሬ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ከዚያ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በዝናብ ቀን የዳሬሰላም መንገድ የቦሌ መንገድን ያስመሰግናል። በትንሽ አውሮፕላን ከሄዳችሁ ደግሞ የአገር ውስጡና የዓለም አቀፉ ተርሚናል ለየብቻ ናቸው። የዓለም አቀፍ በረራ ከተርሚናል 3 ነው የሚነሳው፣ ሻንጣችሁን ይዛችሁ በታክሲ ትሄዳላችሁ።

የሚያዋጣው መቼ ነው? ከዛንዚባር የሚቀጥለው ክፍት ቦታ ከ2 ቀን በላይ ሲርቅ፣ ከዳሬሰላም የተረጋገጠ ቦታ ሲሰጣችሁና ጀልባው ሥራ ሲጀምር። ሦስቱም ባንድ ላይ። ያኔም መጀመሪያ አየር መንገዱ የትኬቱን መነሻ ከዛንዚባር ወደ ዳሬሰላም ይቀይርላችሁ። ሳይቀየር ዝም ብላችሁ ዳሬሰላም ካውንተር ላይ ብትቆሙ ትኬታችሁ አሁንም ዛንዚባር ነው የሚጠብቃችሁ። የጀልባውን ወጪ ማን እንደሚሸፍንም ያኔውኑ ጠይቁ። አንዳንዴ እሺ ይላሉ፣ አንዳንዴ አይሉም። ካልተጠየቁ ግን በጭራሽ አይሉም።

ሌላው በር ናይሮቢ ነው። ከዛንዚባር ናይሮቢ በረራ አለ፣ ከናይሮቢ አዲስ አበባም እንዲሁ። ውድ ነው፣ አዲስ ትኬት ስለሆነ። ነገ መገኘት ግድ ለሆነበት ሰው ግን የሚታሰብ ነው፤ ኬንያ ከኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ስለማትጠይቅ መሃል ላይ ማደር ቢመጣም አያስጨንቅም። አሮጌውን ትኬት ግን ሳታስመልሱ ወይም ለሌላ ቀን ሳታዛውሩ ዝም ብላችሁ አትጣሉት።

6. ጀልባው ሥራ ሲጀምር

ፌሪ ቆሞ ሲጀምር ወደቡ ላይ ያለው ሕዝብ ያስፈራል። የ2 ቀን ተሳፋሪ በአንድ ጠዋት ይመጣል። በዚህ መሃል ደላሎች ይገባሉ። «ቢሮው ቲኬት ጨርሷል፣ እኔ ጋ አለ» የሚላችሁን ሰው በአክብሮት አልፋችሁ ሂዱ። ትኬት ከድርጅቱ መስኮት ወይም ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ ግዙ። ስማችሁ ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው መጻፉን እዩ፤ ከዛንዚባር ወደ ዋናው ምድር ስትሻገሩ ፓስፖርት ይታያል። የተሰረዘ የጀልባ ትኬት ካላችሁ አትጣሉት፣ መጀመሪያ እሱን ለሚቀጥለው ጉዞ ማስለወጥ ነው።

የጠዋቱን ጀልባ ምረጡ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል። ስትገቡ ወደ ላይ ለመውጣት አትሽቀዳደሙ፣ ለፎቶ ጥሩ ነው እንጂ ለሆድ አይደለም። ታች፣ መሃል ወይም ወደ ኋላ ተቀመጡ፣ መናወጡ እዚያ ይቀንሳል። የባሕር ሕመም መድኃኒት ከመሳፈራችሁ አስቀድማችሁ ዋጡ። ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ክኒን እዚያው ላስቲክ ውስጥ ይመለሳል። ላስቲኩን አስተናጋጆቹ ሲያድሉ «እኔ አልፈልግም» አትበሉ። ሐይቅ ዳር ያደገውም ጎበዝ ሲቀበል አይቻለሁ።

«የዓሣ አጥማጅ ጀልባ አሻግረኝ» ብሎ መደራደር ግን በፍጹም አይታሰብ። ሐምሌ 11 ቀን 2004 ዓ.ም. ስካጊት የተባለችው ጀልባ ከዳሬሰላም ወደ ዛንዚባር ስትመጣ በተናወጠ ባሕር ላይ ተገልብጣ ብዙ ሰው አልቋል። ያቺ እንኳ ፈቃድ ያላት የሕዝብ ማመላለሻ ነበረች። ወደቡን ሲዘጉ በልባችሁ አመስግኑ።

7. ተጨማሪው ሌሊት፦ ብር፣ ቪዛ፣ መድኃኒት

ከመጀመሪያውም ለአንድና ለሁለት ተጨማሪ ቀን የሚሆን ዶላር ለይታችሁ አስቀምጡ፣ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው አትንኩት። ኖቶቹ አዲስ ይሁኑ። እ.ኤ.አ. ከ2006 በፊት የታተመ ወይም የተቀደደ ዶላር ብዙ ቦታ አይቀበሉም። ለታክሲና ለምግብ ሽልንግ ያዙ። መብራት ከጠፋ የካርድ ማሽኑም ይጠፋል።

የምትከፍሉበትን ሁሉ ደረሰኝ ውሰዱ። ሆቴል፣ ምግብ፣ ታክሲ። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ አዋቂ የውጭ ጎብኚ 44 ዶላር ከፍሎ የጉዞ መድን እንዲገዛ ታስገድዳለች። ሰው ሲገባ ከፍሎ ይረሳዋል። ያንን ወረቀት አውጡና ምን እንደሚሸፍን አንብቡ። ሌላ መድን ካላችሁ እሱንም። ሁለቱም ዘንድ ያለ ደረሰኝ የሚሰማ የለም።

ፓስፖርታችሁ ላይ የተመታውን ማህተም ቀን እዩ። ቪዛው ሊያልቅ ከሆነ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ከማለቁ በፊት ኢሚግሬሽን ቢሮ ሂዱ፣ የተሰረዘውን በረራ ወረቀት ይዛችሁ።

የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ መድኃኒቱን በምትጭኑት ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። በእጅ ቦርሳ ይሁን። የልጆች ወተትም፣ የአንድ ቀን ቅያሪም፣ ፓወር ባንኩም እዚያው። ሻንጣው ቼክ ኢን ተደርጎ በረራው ሲሰረዝ ሻንጣውን መልሶ ማግኘት ሰዓታት ይወስዳል።

8. አዲስ አበባ ላይ ለምትቀጥሉት

በአንድ ትኬት የተያያዘ በረራ ካላችሁና ከዛንዚባር በመዘግየታችሁ ቀጣዩ ካመለጣችሁ፣ በሚቀጥለው ማሳፈር የአየር መንገዱ ሥራ ነው። ቦሌ እንደወረዳችሁ ወደ ትራንዚት ዴስክ እንጂ ወደ መውጫው አትሂዱ። ማደር ከመጣ ሆቴልና ምግብ ጠይቁ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያላችሁ ያለ ቪዛ መግባት ስለምትችሉ ዘመድ ቤት ማደርም አለ፤ ጠዋት ግን አክስት ቤት ቁርስ ሳትበሉ መውጣት እንደማይቻል አስባችሁ ሰዓት ያዙ። ሁለት የተለያየ ትኬት ከገዛችሁ ግን ይህ ሁሉ የለም። ለሁለተኛው ራሳችሁ ትደውላላችሁ።

ስለ መብት በአጭሩ። የአየር ጠባይ ሲሆን የካሳ ገንዘብ የሚባለውን አትጠብቁ፣ በአብዛኞቹ ሕጎች ከአየር መንገዱ አቅም በላይ ነው። በየአገሩ የሚለያየው ሌላው መብት ነው። በአሜሪካ ደንብ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ወይም ከዚያ የሚነሳ በረራ ከተሰረዘ፣ ወይም ዓለም አቀፍ ሆኖ 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከተዛነፈ፣ አማራጩን ካልተቀበላችሁ ገንዘባችሁ ይመለሳል። የእስራኤል እ.ኤ.አ. የ2012 ሕግ ከእስራኤል የሚነሳውንና እዚያ የሚያርፈውን ሁሉ ይመለከታል፤ ከ2 ሰዓት መዘግየት ጀምሮ ምግብና መጠጥ ይገባችኋል። የአውሮፓው 261 ደንብ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ ስትበሩ የሚሠራው የአውሮፓ አየር መንገድ ከሆነ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ፍራንክፈርት የሚሄድ ሰው በዚህኛው ደንብ አይሸፈንም። በሉፍታንዛ የሚሄደው ይሸፈናል።

9. ሻንጣው ካልመጣ፣ ሥራ ቦታም ወረቀት ከተጠየቃችሁ

ከተዛወረ በረራ በኋላ ሻንጣ ኋላ መቅረቱ የተለመደ ነው። ከሻንጣ መቀበያው አዳራሽ ሳትወጡ የጠፋ ሻንጣ ቢሮ ሄዳችሁ አስመዝግቡና የመዝገብ ቁጥሩን ያዙ። ከወጣችሁ በኋላ ተመልሶ መግባት ጣጣ ነው። ኢትዮጵያም ታንዛኒያም በፈረሙት የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት የዘገየ ሻንጣ ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ፣ የተጎዳ ሻንጣ ደግሞ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለባችሁ። የካሳው ጣሪያ በአንድ ተሳፋሪ 1,519 ኤስዲአር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ) ነው፣ ወደ 2,000 ዶላር። ጣሪያ ነው እንጂ የሚሰጣችሁ አይደለም፤ በደረሰኝ የምታሳዩትን ያህል ነው።

አለቃችሁ በቃል የማያምን ዓይነት ከሆነ ደግሞ አየር መንገዱን የመዘግየት ማረጋገጫ ደብዳቤ ጠይቁ። በበረራ ቁጥርና በቀን በነጻ ይጽፉላችኋል። መድን ሰጪውም የሚጠይቃችሁ መጀመሪያ ይህንኑ ስለሆነ ሁለት ቅጂ አሳትሙ።